ሆዱን አሞት ነው

የእህቴ ባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ነበር ልበል እንጂ። ጓደኞቹ «ይለፉ» ነው የሚሉት፤ የራሱን ስም እሱም ሳይረሳው አልቀረም። አንዱ ባለጌ ከጎን የመኪናውን አፍንጫ ባስገባ ቁጥር እጁን ዘርግቶ «ይለፉ» ስለሚል የወጣለት ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲሰድቡህ ደምህ አይፈላም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«ፊታቸውን አላይማ» አለኝ። «ፊቱን ካየሁት ጠላቴ ይሆናል። ሆዱን አሞት ነው እላለሁ። ሆዱን ያመመው ሰው ምን ይደረጋል? መንገድ ይለቀቅለታል።»

አዲስ ለሚቀጠሩትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። መስኮታችሁን ዝጉ፣ ክላክስ ለስድብ አይደለም፣ ከመኪና እንዳትወርዱ፤ ከወረዳችሁ ሹፌር መሆናችሁ ቀርቶ ቦክሰኛ ናችሁ ይላቸዋል። ከት ብለው ይስቁበታል። አንዱ ሲቀድማቸው ግን እነሱም «ሆዱን አሞት ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ።

እህቴ አትስቅም። ጎረቤት በተሰበሰበበት «የኔ ባል ለዝንብም መንገድ ይለቃል» ትላለች። እሱ ፈገግ ብሎ ዝም። እሷን ያበገናት ይሄ ዝምታው ነው መሰለኝ፣ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ሄደ። በመጨረሻ እሱው እየሰማ ልጃቸውን «ብቻ አባትህን እንዳትመስል» አለችው። የዚያን ቀን ፈገግ አላለም። የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መልሶ ከገበታው ተነሳ።

በማግስቱ እሁድ ነበርና አክስታችንን ልንጠይቅ በራሱ አሮጌ መኪና ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ ተቆፋፍሮ የቀረው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ለመልቀቅ ዳር መያዝ ያስፈልጋል። ከኋላችን አንድ ፒክአፕ መጣ። መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ክላክሱን ያንባርቃል።

ጋሼ እንደ ልማዱ ዳሩን ሊይዝ ጀመረ። «ሆዱን አሞት...» ከማለቱ እህቴ ከአፉ ነጠቀችው።

«ሐሞት የሌለህስ አንተ ነህ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ወንድ ሁን።»

«ኧረ ተይው» አልኳት። ማን ሊሰማኝ።

መሪውን ወደ መሃል መለሰው። ፒክአፑ ክላክሱን ደገመ። ጋሼ ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለና ወረደ። መሪ ከጨበጠ ጀምሮ ከሰው ጋር ለመጣላት ሲወርድ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ፒክአፑ መስኮት ስር ቆሞ ቁልፉን እያወዛወዘ «ማለፍ ከፈለግክ በላዬ ላይ እለፍ» አለው። ዕድሜውን ሙሉ የዋጠውን ስድብ ባንዴ ዘረገፈው። ውስጥ ያለው ወጣት አፉን ይከፍታል፣ ቃል አይወጣውም። ላብ አጥምቆታል። ጋሼ ፈርቶኝ ነው ብሎ ይበልጥ ጮኸበት። ሰው ተሰበሰበ፤ ለጠብ ሰው መቼ ጠፍቶ ያውቃል። «እንዳይለቁት አባባ» ይላል አንዱ። እህቴ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ታያለች። ፈገግ ብላ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ፈገግ ብላ ነበር።

ወጣቱ መሪው ላይ ተደፋ። ክላክሱ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም የለም፣ እንደዚያው ይጮሃል። «ንቀቱን እዩልኝ» አለ የተሰበሰበው ሰው። ጋሼም «ጭራሽ ይጮህብኛል እንዴ» ብሎ በሩን በረገደው። ልጁ ተንሸራቶ ጋሼ ደረት ላይ ወደቀ፣ ክላክሱም ቆመ። አንድ እጁ ሆዱን እንደጨበጠ ነበር።

የተሰበሰበው ሰው መኪናችንን ገፍቶ ዳር አስያዘለት፤ በዚያው ፒክአፕ ሐኪም ቤት ያደረሰው ራሱ ጋሼ ነው። እኛም ታክሲ ይዘን ተከትለን ደረስን። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መርዙ በሰውነቱ ተሰራጭቷል አሉ። ለካ ሕመሙን ችሎ ብቻውን እየነዳ ወደዚያው እየሄደ ኖሯል። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስልን» አለ ሐኪሙ፣ ሞቱን ሊነግረን ሲወጣ። ጋሼ ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማ አይመስለኝም።

እናትየው መጣች። ማን እንዳመጣው ስትጠይቅ ነርሷ ወደ ጋሼ ጠቆመቻት። እየተንሰቀሰቀች እግሩ ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ልጄን ሜዳ ላይ አልጣልክብኝም፤ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ» አለችው። እሱ አፉን ከፈተ፣ ቃል አልወጣውም።

«አሜን» አለች እህቴ።

ሥራውን ለቀቀ፤ አሁን ቤት ነው የሚውለው። እሷም «ቤት የሚውል ባል ይዤ» እያለች ታማርራለች። ያን ቀን ስላለችው ነገር አንዴ ባነሳባት «ታዲያ ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ?» አለችኝ። የእናቴ ልጅ ባትሆን ዓይኗን ማየት አልፈልግም ነበር።

ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። ውጭ ክላክስ ረዘም ብሎ ከጮኸ ጋሼ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል።

«ተቀመጥ፣ ላንተ አይደለም» ትለዋለች።

ድምፁ እስኪያቆም አይቀመጥም።