ዓምድ ተደግፎ የሚቆመው ሰው

በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጀርመን እንደኛ መንግሥትን የሚሳደብ የፐንክ ሮክ ባንድ የሚያስተናግደው ደፋር ቄስ ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እንዞራለን። ሃሌ ሄድን፣ ኤርፉርት ሄድን፤ ሰውየው ከየትም አልቀረም።

ሁልጊዜ ዓምድ ተደግፎ ይቆማል። በተቀዳደደው የቆዳ ጃኬቱ ላይ መርፌ ቁልፎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ጫማው ግን ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሌላው ሲዘልና ሲጋፋ እሱ ቋሊማ የገባበት ዳቦውን ቀስ ብሎ ይገምጣል፤ ፍርፋሪውን እንኳ ኪሱ ይከተዋል።

«ጆሮ ጠቢ ነው እልሃለሁ!» አለችኝ ዘፋኛችን ግሪት።

«ጆሮ ጠቢ ቢሆን እንዲህ አይጋለጥም። ተይው፣ ምስኪን ነው» አልኳት፤ እኔ ከበሮ መቺው ነኝ።

ላይፕዚግ ላይ አላስችል ብሏት ወደ ሰውየው ሄደች። «አንተ፣ ምን አባክ ትከተለናለህ?»

«ሙዚቃ እወዳለሁ» አለና ከዳቦው ቆርሶ ዘረጋላት።

በዚያው ምሽት አዲስ ዘፈን ጀመርን። ምድር ቤት ውስጥ በር ዘግተን የተለማመድነው ነው፤ ከአራታችን በቀር የሰማው የለም። ሰውየው ማኘኩን አቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከግሪት ጋር፣ ቃል በቃል።

የሦስቱን ጓደኞቼን ጀርባ ተራ በተራ አየሁ። ግሪት ዘፈኑን ሳታቋርጥ ዞረች። የምታየው እኔን ነበር።