«አባቴ ከዳ» ያለችው ልጅና የእኛ ግሩፕ

ቴሌግራም የመቐለ መምህራን ስልክ ውስጥ ሲገባ ከሁሉ ቀድሜ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ። ይህንን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ እርግማን ስለሚመስል። ወሎ ተወልጄ፣ ትዳር መቐለ አምጥቶኝ፣ ትግርኛ ለሚናገሩ ልጆች አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። በትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህራን ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሌላኛውም ጡረታውን የሚጠብቅ፣ ስለ ማስተማር ሲነሳበት የሚያዛጋ ሰው ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘራችን፣ ማለትም ከቢሮ እየመጣ የሚገመግመን ሰውዬ፣ «ከእንግዲህ ልምድ የምትለዋወጡት በግሩፕ ነው» ብሎ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች መምህራን ሁላችንንም ሲያስገባን፣ ወላሂ፣ ደስ አለኝ። ማታ አንድ ነገር ብጠይቅ ጠዋት ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመልስልኝ አገኛለሁ ብዬ ነበር።

ያገኘሁት አበባ ነው። ጠዋት አበባ፣ ማታ አበባ። «መልካም ሰኞ» የተጻፈበት ጽጌረዳ፣ «መልካም ማክሰኞ» የተጻፈበት ሌላ ጽጌረዳ። አንዱ የሚሸጥ ሶፋ ይለጥፋል፣ ሌላው የእህቱን ሰርግ። ከስንት አንዴ የትምህርት ዕቅድ የላከ ሰው ሲገኝ ደግሞ «ጽቡቕ!»፣ «ግሩም ነው መምህር!»፣ «በርታልን!» ይዘንብለታል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተወደሰ ፋይል አልከፈት ቢለኝ ላኪውን በግል ጠየቅኩት። ለካ ባዶ ኖሯል፤ እሱም አላወቀም። ያ ሁሉ ሰው ባዶ ወረቀት ነበር የሚያመሰግነው። ኤጭ!

ከአበባው ይልቅ ያንገሸገሸኝ ግን ስክሪንሾቱ ነው። እኛ መምህራን ሙያችንን ለማሻሻላችን በየዓመቱ ማስረጃ የምናስገባበት ዶሴ አለን፤ ፖርትፎሊዮ ይባላል። ሱፐርቫይዘሩ «የኦንላይን ተሳትፎም ይያዛል» አለና ጉድ ፈላ። ሰዉ ግሩፑ ላይ «እስማማለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ የጻፈውን ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶውን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ያሳትማል፤ በስቶ ዶሴው ውስጥ ይከታል። አንዷ ባልደረባችን «እንኳን ለፋሲካ አደረሳችሁ» ያለችበትን ገጽ «ልምድ ልውውጥ» በሚለው ክፍል ስር አስገብታ ሙሉ ነጥብ ተሰጣት። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ስንስቅባት ዋልን፤ በማግስቱ ሁላችንም የየራሳችንን ልናሳትም ሄድን። እኔም ጭምር። መሪ መምህር ለመባል የቀረኝ አንድ ማስረጃ ብቻ ነበርና።

እንግዲህ ልጅቷ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ። በትግርኛ ስታወራ አፏ አይገጥምም፣ ሳቋ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። አማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን ጭጭ። አንድ ሙሉ መንፈቅ ዓመት ድምጿን አልሰማሁም። ምን እንደሚያስፈራት አውቅ ስለነበር አንድ ቀን ለክፍሉ በሙሉ ቃል ገባሁ። «እዚህ ክፍል ውስጥ በስህተቱ የሚሳቅበት ልጅ የለም። ተሳስታችሁ ጻፉ። ስህተታችሁ በእኔና በእናንተ መካከል ይቀራል» አልኳቸው። እሷን እያየሁ ነው ያልኩት። በሳምንቱ «አባቴ» በሚል ርእስ ድርሰት ሳዝዝ ሌሎቹ አራት አምስት መስመር ሲያመጡ እሷ አንድ ሙሉ ገጽ አመጣች።

ከላይ እንደሁልጊዜው ስሟን፣ ክፍሏንና ተራ ቁጥሯን ጽፋለች። ልጆቻችን ወረቀታቸው እንዳይጠፋባቸው በየገጹ እንዲህ ያደርጋሉ፤ እኛው ነን ያስለመድናቸው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ወደ ሳውዲ ከዳ። ሲከዳ ሰዓቱን ለእኔ ሰጠኝ። ከዳ ግን በየሳምንቱ ይደውላል። እኔ አባቴን በጣም እወዳለሁ።»

ትግርኛ ለማያውቅ ላስረዳ። በትግርኛ «ከደ» ማለት ሄደ ማለት ነው። ክህደትም አላቸው፤ ግን እሱ ከጉሮሮ በሚወጣ ዐ ነው የሚጨርሰው፣ «ከድዐ» ይላሉ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ያንን ዐ ከጣልነው ቆይተናል። ለእሷ ጆሮ ታዲያ ያለ ዐ ክህደት የለም፤ «ከዳ» ብላ ስትጽፍ ሄደ ብላ ነው። በሀያ ዓመት ማስተማሬ እንዲህ ያለ የሚያምር ስህተት አላየሁም። ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያዩበት ቦታ ቁልጭ ብሎ በእርሳስ ተጽፎ።

ያንን ማታ ገጹን ፎቶ አነሳሁና ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። «ባልደረቦቼ፣ ይህንን ዓይነት የቃል መመሳሰል ለልጆች እንዴት ነው የምታስተምሩት?» ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ግን ከጥያቄው ኋላ አንዲት የምትስቅ ቢጫ ፊት ጨመርኩ። ለምን? እኔ እንጃ። ደረቅ ሰው እንዳልመስል ነዋ! ስሟ ከላይ እንዳለም ልብ አላልኩም። እጄን ይቁረጠው።

ለጥያቄዬ የመለሰ አንድም ሰው የለም፤ የተከተሉት ያቺን ቢጫ ፊት ነው። «ወዴት ነው የከዳው፣ ለጠላት?» አለ አንዱ። «አባት እንዲህ ነው እንጂ! ሃሃሃ» አለ ሌላው። አዲስ ተመራቂ፣ ርእሰ መምህር ሳይል ሁሉም ሳቀ። አንድ ሥራ ፈት «ከዳ» የሚለውን በራሷ እጅ ጽሑፍ ቆርጦ ስቲከር አደረገው። ከግሩፑ ሰው በወጣ ቁጥር ይለጥፉታል፦ ከዳ። በሦስተኛው ቀን ቃሉ መምህራን ማረፊያ ገባ። ሻዩን ጨርሶ የሚነሳ ሁሉ «በሉ እኔ ከዳሁ» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈነዳል። እኔም እዚያው ሕምባሻዬን ይዤ ተቀምጬ ፈገግ አልኩ። ዛሬ ሳስታውሰው የሚያቅለሸልሸኝ ከሁሉ በላይ ያ ፈገግታዬ ነው።

በዚያው ሳምንት የስፖርት መምህሩ ከነልጅቷ ክፍል ሲወጣ አመለጠውና «በሉ ከዳሁ» አላቸው። ልጆቹ ምን ማለት ነው ብለው ቢይዙት ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። የመምህር ሥራ ነው ይሄ? ስሟ ከላይ፣ ሳቁ ከታች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ጓል ከዳዕ» ሆነች፣ የከሃዲ ልጅ። በገዛ ቋንቋቸው፣ ያንን ዐ አስገብተው፣ ከጉሮሯቸው እየጎተቱ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረች።

አንድ ሳምንት ሲሞላት አላስችል አለኝና ባጃጅ ይዤ ዓይደር ሰፈር፣ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ነግሬያት እንኳ ፊቷ አልከፋም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች እግሯን አያለሁ። አልወጣችም።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለችኝ እናትየው በቀስታ፣ በምትችለው አማርኛ። «አባቷ ትናንት ደውሎ ነበር። ‹ለምን ትምህርት ቤት አልሄድሽም› ሲላት ምን ትበለው?»

ይቅርታ አልኩ። ለመጋረጃው ነው ያልኩት ማለት ይቻላል። ክፍሉን እንደምቆጣ፣ ፎቶውን ከግሩፑ እንደማጠፋ ማልኩላቸው። ማታ እውነትም አጠፋሁት። የእኔ ጠፋ፤ ስቲከሩ የት ይጠፋል? በየስልኩ ተቀምጦ የለ!

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩ ደወለ። ያጠፋሁት ለምን እንደሆነ ሊጠይቅ መስሎኝ ለመጣላት ተዘጋጀሁ። እሱ ሆዬ «እንኳን ደስ አለሽ!» አይለኝ መሰላችሁ። በአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች ከተለጠፈው ሁሉ ብዙ ምላሽ ያገኘው የእኔው ስለሆነ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተመርጧል።

«የቱ ምላሽ?» አልኩት። «አንድ ሰው እንኳ መልሶልኛል?»

«እንዴ! ሰው እንዴት እንደተሳተፈ አላየሽም?»

«ልጅቷ እኮ ከትምህርት ቤት ቀርታለች።»

«እሱ ያሳዝናል» አለ። «ስክሪንሾቱን ግን አንስተሽው ነበር አይደል፣ ከመጥፋቱ በፊት?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ነው። አንስቼው ነበር። መጀመሪያ ማታ፣ ሳቁ ሲዘንብ፣ ለፖርትፎሊዮዬ ብዬ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ። ላክሁለት። የምስክር ወረቀቱን ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ተቀበልኩ፤ አጨበጨቡልኝ፤ መሪ መምህር ሆንኩ። ግሩፑ ላይም አበባ ተላከልኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ ይህንን ያደረግኩት፣ ሌላ ሰው የለም።

ልጅቷ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሰች። የመስኮቱን ቦታ ትታ ጥግ ተቀመጠች። ተቆጥቼ ቀጥቼ ልጆቹን ዝም አሰኝቼ ነበር፤ ማንም ምንም አላላትም። ድርሰት አዘዝኩ፣ «የምወደው ቦታ» የሚል። ሁሉም ሲወጡ እሷ የመጨረሻ ሆና ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ዓይኔን ጣል አደረግኩበት፦ ከመማሪያ መጽሐፉ ስለ ጣና ሐይቅ የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጣዋለች። ጣናን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። አንድ ስህተት የለበትም።

የወረቀቱ ላይኛ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል።

«ምነው ይሄ?» አልኳት።

«ስሜ ነው፣ ቲቸር» አለች፣ በአክብሮት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «ፎቶ ሲያነሱት እንዳይቸገሩ ብዬ።»

ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ በጥሩ አማርኛ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት፣ «ልሂድ?» አለችኝ።