በከብት ዱካ፣ በብስክሌት

ወረታ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የእንስሳት ክሊኒኩ ኃላፊ ሦስት ዕቃ አስፈርመው አስረከቡኝ፤ አንድ ጥቁር የቻይና ብስክሌት፣ አንድ የበረዶ ሣጥንና አንድ የብረት መርፌ። ሥልጠና ጨርሼ የእንስሳት ጤና ረዳት ከተባልሁ ገና ሳምንቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። የክሊኒኩ መኪና ጎማ አጥቶ ግቢው ውስጥ በድንጋይ ላይ ቆሟል። ዶሮዎች ከሥሩ ይፈለፍሉ ነበር።

ኃላፊው ቀጭንና ቁጡ ቢሆኑም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የሣጥኑን ክዳን ከፈቱና እጄን ይዘው አስገቡት።

«ምን ይሰማሃል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«ይህ ቅዝቃዜ እስካለ ድረስ የያዝኸው ክትባት ነው። ቅዝቃዜው ሲያልቅ የያዝኸው ውሃ ነው። በረዶው ከቀለጠ አንድ ከብት ሳትወጋ ትመለሳለህ። ለምን የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ላከው።»

ያን ቀን ሌላ ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ ሁሉንም ረስቼዋለሁ።

የፎገራን ሜዳ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ ላየው ሰው ለብስክሌት የተፈጠረ ይመስላል። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከቁሐር ሚካኤል ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ወዳለች መንደር ስሄድ አረንጓዴውን ሣር አምኜ ገባሁበት። ሥሩ ውሃ ነበር። ዋልካው ጭቃ በጎማውና ከላዩ ባለው የጭቃ መከላከያ፣ በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው አልዞርም አለ። እኔን እንዲሸከም የተገዛ ብስክሌት እኔው በትከሻዬ ተሸክሜው መንደሩ ደረስሁ።

ያን ጊዜ ነው አያ ይርጋን ያወቅኋቸው። የአንድ ጥማድ በሬ ባለቤት፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ቀልድ የሚወዱ ገበሬ ነበሩ። እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሼ ሲያዩኝ ሳቁ።

«ዶክተር፣ ይህ ነገርህ እኮ ከአህያ አይሻልም» አሉኝ። እዚያ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። «አህያ እንኳ ጭቃ ሲያይ ይቆማል።»

«ታዲያ በየት ልሂድ አያ ይርጋ?»

«በከብት ዱካ። ከብት ሲመላለስበት የኖረ መሬት ይጠነክራል፤ አይከዳህም። የሚያምር ሣር ካየህ ሽሽ።»

ፓራፋንጎውን እንድፈታም የመከሩኝ እሳቸው ናቸው። ፈታሁት። ከዚያ በኋላ ጭቃው ጀርባዬን ቢያለብሰውም ጎማው አልቆመም።

ዱካው ከስንዝር ብዙ አይሰፋም። ግራና ቀኙ ውሃ፣ ፊላና ቄጤማ ነው። መሪውን ጠበቅ፣ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ፣ ሳይቆሙ መሄድ ነው፤ የቆመ ይሰምጣል። ስሄድ ይብራዎች ከውሃው ላይ እየተነሡ ከኋላዬ ይመለሱ ነበር። ያን መንገድ እወደው ነበር። በሥራ ዘመኔ ደስ ብሎኝ የሠራሁት እዚያ ዱካ ላይ እስከ ነበርሁ ድረስ ነው።

የምንከትበው ደስታ ለሚባለው የከብት በሽታ ነበር። ደስታ መንጋ ጨርሶ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ስሙን በበጎ የሚጠሩት ፈርተውት ይመስለኛል። መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ከብቱን ማውጣት ፈራ። መንግሥት ከብት አውጡ ሲል ቆጥሮ ሊወስድ ነው ይሉ ነበር፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ማሰብ ሞኝነት አልነበረም። አያ ይርጋ ቤት ለቤት ዞረው አሳመኗቸው።

«ለልጁ ዋስ እኔ አለሁ» ብለዋቸዋል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ከክሊኒኩ የላምባ ማቀዝቀዣ በረዶ ሞልቼ ተነሣሁ። በጥዋት ደረስሁ፤ በረዶው ደህና ነበር። መንጋው በሜዳው ላይ ቆሟል። መርፌዬን ቀቅዬ ላዘጋጅ ስል ከወረዳ አንድ ካድሬ መጣ። ሕዝቡን ተሰብስቦ ስላገኘው ስብሰባ ልጥራ አለ። ስለ ምርት ዘመቻ ተናገረ፤ ስለ ገበሬ ማኅበሩ ተናገረ፤ ተጨበጨበ፤ እንደገና ተናገረ። ፀሐይ ከአናት አለፈች። ከብቱ ውሃ ጠምቶት ይጮህ ጀመር። ሣጥኑን ከጥላ ወደ ጥላ እያዛወርሁ ነበር።

ስብሰባው ሲያበቃ ክዳኑን ከፍቼ እጄን አስገባሁ። በረዶ የለም። ውሃው ለእጅ መታጠቢያ የሚመች ለብ ያለ ውሃ ነበር።

«ጓድ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ ካድሬው። «ሰፊው ሕዝብ ከብቱን ይዞ ቆሟል።»

«በረዶው...»

«በረዶው ምን?»

በዚያ ዘመን አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። ሥራ ያቋረጠ ሰው በእሷ ታስሮ ይቀር ነበር። ፈራሁ። ግን ፍርሃት ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። በስንት ልመና የወጣውን ያን ሁሉ ሰው ሂዱ ማለት አሳፈረኝ።

«ምንም» አልሁት።

አያ ይርጋ ሌላው እንዲደፍር ብለው የራሳቸውን በሬዎች አስቀደሙ። ቦራ የሚባለውን ቀንዱን ይዘው አንገቱን አዘነበሉልኝ። ወጋሁት። ቀጥሎ ዳልቻን። ከዚያ የመንደሩን ሁሉ። መዝገቡ ላይ ተከተቡ ብዬ ጻፍሁ።

ወረታ ስመለስ ኃላፊው በር ላይ ቆመው ነበር።

«በረዶው?»

«ደህና ነበር።»

መዝገቡን ተቀብለው ፈረሙበት። እኔን አምነው ነው የፈረሙት።

ክረምቱ ሳይገባ ደስታ መጣ። በሌሎች መንደሮች በቀዝቃዛ ክትባት የወጋኋቸውን መንጎች በአጠገባቸው አልፎ አልነካቸውም። የአያ ይርጋን መንደር ግን ገባበት። ሄድሁ። ሽታው ከመንደሩ በፊት ተቀበለኝ። ከብቱ ዐይኑ እያለቀሰ፣ አፉ ቆስሎ፣ ደም እያስቀመጠው በየደጁ ተጋድሟል። ቦራ ሞቷል። ዳልቻ አንገቱን ማንሣት አቅቶት አያ ይርጋ ራስጌው ተቀምጠው ዝንብ ያባርሩለታል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ ሳይነሡ። «ጎረቤቶቼ መርፌው ነው የፈጀን ይላሉ። አውጡ ያልኋቸው እኔ ነኝና ሰላምታ ነሥተውኛል። ለደቦም አይጠሩኝ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ መርፌው ነው?»

መርፌው አልገደለም፤ አላዳነም እንጂ። ይህን ለማለት ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይፈጅም ነበር። ብናገር ጥፋቱ ከእሳቸው ላይ ይነሣል፤ እኔ ወህኒ እወርዳለሁ።

«በሽታው በርትቶ ነው» አልኋቸው።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ። ስነሣ ሸኙኝ። ስወጣበት እንዳልወድቅ ብስክሌቱን ከኋላ ያዙልኝ። ያ መያዛቸው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ክረምቱን እንቅልፍ አጥቼ ከረምሁ። ኃላፊው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውረው ሄዱ፤ ለእሳቸውም ሳልነግራቸው። ውሃው ሲጎድል፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ሣጥንና መርፌ ሳልይዝ ብስክሌቱን አነሣሁ።

ዱካውን አጣሁት። ከቁሐር ሚካኤል እንዳለፍሁ ያለፈውን ዓመት መንገድ ብፈልግ ሣር ብቻ ሆነ። ወዲያ ብል ቄጤማ፣ ወዲህ ብል ፊላ። የሚረግጠው ከብት የለማ። የምሄድበትን መንገድ የገደልሁት ራሴ መሆኔ እዚያ ቆሜ ገባኝ። ጎማው ሲሰምጥ ወረድሁና እንደ መጀመሪያው ሳምንት ብስክሌቱን ተሸክሜ ሄድሁ።

አያ ይርጋ ማሳቸውን በዶማ ይቆፍሩ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎብጠዋል። ጭቃዬን አይተው ሊስቁ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ስብሰባውን፣ ለብ ያለውን ውሃ፣ «ምንም» ያልሁትን። ዶማውን ተደግፈው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ያን ቀን ቀልጧል፣ ተመለሱ ብትለን» አሉ በመጨረሻ፣ «በነጋታውም እናወጣልህ ነበር እኮ።»

ይህን ፈጽሞ አስቤው አላውቅም ነበር።

ቀጥለው «ለእኔ መንገርህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ንገር» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ አያ ይርጋ አስቆሙልኝ። ተናገርሁ። የተቆጣ የለም፤ የሰደበኝ የለም። ሦስት ላሞች የሞቱባቸው አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ።

«በረዶው መቅለጡ በምን ይታወቃል ልጄ?»

«በእጅ ሲነኩት እማማ።»

«ነካኸው?»

«ነካሁት።»

ባልቴቷ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሰዉ ተበተነ።

ይከሱኛል ብዬ ልብሴን ሸክፌ ብጠብቅ አንድም ሰው አልከሰሰኝም። በሳምንቱ ለአያ ይርጋ ደቦ ወጥተውላቸው ማሳቸውን በዶማ ቆፈሩላቸው አሉ። ለእኔም ቆይቶ መኪና ተሰጠኝ፤ ጡረታ እስክወጣም ከተብሁ። ዛሬ በሞተር ሳይክል የምትሄዱ የሙያ ልጆቼ የበረዶ ሣጥናችሁ ከእኛ ዘመኑ ይሻላል፤ ቢሆንም ፀሐይ ላይ ከቆመ ይቀልጣል። በቀለጠ ጊዜ ተመለሱ። ሰው ይቆጣችኋል፣ መንገዱም ይረዝምባችኋል። በነጋታው ግን ከብቱን ያወጡላችኋል።