«ከእኔ ክንድ ውሰዱ»

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። ባስታወስኩት ቁጥር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ።

ያኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። ገደብ ከተማ ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አቶ ጂግሶ ከሚባሉ የጨለለቅቱ ቡና ገበሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ምን እንደምማር ሲጠይቁኝ ለመመረቂያ የማዘጋጀውን ጽሑፍ አወራሁላቸው። ከአዋቂ ሰው ቆዳ ሕዋስ ይወሰዳል፤ አር ኤን ኤ የሚባል መልእክት አድራሽ ሲገባበት ሕዋሱ ቆዳነቱን ትቶ እንደ ፅንስ ጊዜው ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊለወጥ ይችላል አልኳቸው።

«ዓይንም ይሆናል?» አሉኝ።

«እንዴታ! ዓይንም ይሆናል።»

ነገሩ ገና ምርምር ላይ መሆኑን አልነገርኳቸውም። እኔ ራሴ ያነበብኩት እንጂ በእጄ የሠራሁት እንዳልሆነም ዋጥ አደረግኩት። እንደዚያ በአድናቆት ሲያዩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። «ጌታ ይባርክህ ልጄ» ብለው፣ ስሜን ጠይቀው ወረዱ።

በሳምንቱ የግቢው ጥበቃ ደወለልኝ። «አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል። ዓይነ ስውር ናት» አለኝ። ከጀርባው የአቶ ጂግሶ ድምፅ ይሰማል፦ «ከእኔ ክንድ ውሰዱ በለው! የእኔ ቆዳ ጤነኛ ነው!»

«አዲስ አበባ ሄዷል በላቸው» ብዬ ዘጋሁት።

በጎን በር ሾልኬ ልወጣ ስል እነሱም ከዝናቡ ሊጠለሉ እዚያው በር ሥር ቆመው ኖሯል። አቶ ጂግሶ አንዱን እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወደ ልጃቸው ዞረው ቀስ ብለው፣ «ልጁ የለም ምሕረት፣ እንሂድ» አሏት።

ጥቂት እንደሄዱ ሮጬ ደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እዚህ እንደማይሠራ፣ ለእሷ ዓይን ዛሬ የሚሆን ሕክምና እንደማላውቅ፣ መደበቄንም ጭምር። አቶ ጂግሶ እያዳመጡ እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ።

የመለሰችልኝ ምሕረት ናት።

«እኔስ ብዙም ተስፋ አላደረግኩም። አባዬ ግን ለጎረቤት ሁሉ ተናግሯል፣ ቸርች አስጸልዮልኛል። አሁን ሲመለስ ምን ይበላቸው?»

መናኸሪያ ድረስ ልሸኛችሁ ብል አቶ ጂግሶ «ተወው ልጄ፣ መንገዱን እናውቀዋለን» አሉኝ።

ጽሑፌን ያቀረብኩ ዕለት ተጨበጨበልኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። አቶ ጂግሶ ለጎረቤቶቻቸው ምን ብለው መለሱ ይሆን? አላውቅም። ሄጄ ልጠይቅ ብል ደግሞ ምን ፊት አለኝ?