ማንም ያላነሳው ጥቅል

ኔታኒ የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ሲገባ የያዘው አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሰሌን እና በጋዜጣ ተጠቅልሎ በቀይ ሪባን የታሰረ የያንጎና ሥር ነበር። ሻንጣው ቢጠፋ ልብስ ይገዛል። ሰሌኑ ቢጠፋ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል። ሥሩ ቢጠፋ ግን ወደ ካንዳቩ ደሴት ተመልሶ አያቱን "ጠፋብኝ" ማለት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ መርከቡ ላይ ሌላው መንገደኛ ሕፃን አቅፎ ሲያንቀላፋ፣ እሱ ጥቅሉን አቅፎ አንቀላፋ።

ሰው ወደ ሰው አገር ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። እግሩን አጣምሮ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሥሩን ከባለአገሩ ፊት ያኖራል፣ ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ ይናገራል። ባለአገሩ ጥቅሉን አንስቶ "መጥተሃል" ይለዋል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ሥሩ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ሴቩሴቩ የሚባለው ይኸው ነው። ጥቅሉ የተነሳለት ሰው ቢታመም የአገሩ በሽተኛ ነው፤ ቢሰርቅም የአገሩ ሌባ ነው። ያልተነሳለት ግን መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ሻንጣ አይፈታም።

ኔታኒ ሻንጣውን አልፈታም። ሸሚዝ ሲያስፈልገው ዚፑን በትንሹ ከፍቶ፣ እጁን አስገብቶ፣ ያገኘውን ይለብሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሶ ጎማ ሲጠግን ይውላል።

መጀመሪያ የታሰበው አጎቱ ቤት እንዲያርፍ ነበር። አጎቱ ግን የበግ ቄራ ውስጥ ሊሠራ አውስትራሊያ ሄዷል፤ ለማንም አልነገረም፤ ቤቱን ለማያውቁት ሰዎች አከራይቶታል። ስለዚህ ኔታኒ ሳማምቡላ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራየ። ወደብ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ሥራ አገኘ። ይህን ሁሉ በሰላም ካከናወነ በኋላ ለአያቱ ደወለ።

አያቱ ሽማግሌው ኤሮኒ የመንደሩ አለቃ አፍ ናቸው። አለቃው ሊናገር ሲፈልግ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ሳይፈልግም ይናገራሉ። በመንደሩ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ወንበር አስወጥተው የሚደውልላቸውን ይጠብቃሉ።

"ማን ተቀበለህ?" አሉ ሽማግሌው፤ ደህና ነህ ወይ እንኳ ሳይሉ።

"ገና ነው፣ አባባ።"

"ከማን ጋር ነው የምትኖረው?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ከወዲያ በኩል ዶሮ ጮኸ። ሽማግሌው፣ "ብቻህን?" አሉ። "ምን አጥፍተህ ነው?"

"ምንም አላጠፋሁም። ሱቫ ሰው ብቻውን ይኖራል፣ አባባ።"

"ስማኝ። ሥሩን የሚያነሳልህ ካጣህ፣ ያ ቦታ አላወቀህም ማለት ነው። በማያውቅህ ቦታ አትኑር። በሚቀጥለው ዓርብ መርከብ አለ፤ በሱ ትመለሳለህ።"

ኔታኒ መመለስ አልፈለገም። ወንድሞቹ ብዙ ናቸው፤ የአባቱን የጎደሬ ማሳ ለመኮትኮት እሱ አያስፈልግም። ጎሚስታው ቤት ግን ያስፈልጋል። በሃያ ሁለት ዓመቱ "ኔታኒ የት ሄደ?" ተብሎ ሲፈለግ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም በአውቶቡስ ሹፌሮች። ይህን ለአያቱ ማስረዳት አልቻለም። ለራሱም ማስረዳት ሳይከብደው አልቀረም።

የከበደው ሌላው ነገር እራት ነበር። እነሱ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም፤ በር ላይ የሚያልፍ ካለ "ግባ፣ እንብላ!" ይባላል፤ የሚያልፈውም "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ብሎ ያልፋል። ኔታኒ የመጀመሪያ ቀን ካሳቫውንና የቆርቆሮ ዓሣውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ለአላፊ አግዳሚው "እንብላ!" ይል ጀመር። አብዛኛው ሰው ፍጥነቱን ጨመረ። አንዱ ግን ገባ፣ ዓሣውን በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ። ስሙን እንኳ አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ኔታኒ መስኮቱን ዘግቶ ቆሞ መብላት ጀመረ። ያፍር ነበር። ማንም አያየውም፤ እሱ ግን ያፍር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የተተኮሰ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጥቅሉን ይዞ ወደ አከራዩ በረንዳ ወጣ። ወይዘሮ ቪድያ አያቶቻቸው ሸንኮራ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ የመጡ፣ እሳቸው በሌላው ደሴት፣ በሸንኮራ አገር ላምባሳ የተወለዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ወለል ሲያጥቡ ነበር። ኔታኒ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ጥቅሉን ከፊቱ አኖረ።

"ተነሥ ከዚያ፣ ገና አልደረቀም።"

"አክስቴ፣ ይቺን ትንሽ ነገር ይዤ…"

"የያዝከውን አውቃለሁ። ከናንተ ልጆች ጋር ነው ያደግሁት። አላነሳም።"

"ለምን?"

"የባለአገር ነዋ! እኔ ምኑ ነኝ? ቤቱ የኔ ነው፤ መሬቱ ሊዝ ነው። ለባለመሬቱ አቅርብ።"

"ባለመሬቱ ማነው?"

"እኔ በምን አውቄው! በየዓመቱ ለቢሮ እከፍላለሁ፤ ቢሮው ለማን እንደሚከፍል ቢሮው ያውቃል።" ወይዘሮ ቪድያ መወልወያቸውን ጨመቁ። "እኔም እንዳንተው መንገደኛ ነኝ፣ ልጄ። ቆየሁ እንጂ። ሽርጥህ ረጥቧል፣ ተነሥ።"

ሽርጡ እውነትም ረጥቦ ነበር። ተነሣ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጥቅሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሪባኑን አየች።

"ለመሸጥ ከሆነ ፈቃድ የሚሰጠው ወዲያ ነው።"

"ለመሸጥ አይደለም። ለመስጠት ነው።"

"ለማን?"

"ለከተማው።"

ልጅቷ ከጀርባዋ ያለውን ባዶ ወንበር ዞራ አየች። "ከተማው ምሳ ወጥቷል" አለች።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ነገሩ ገብቶታል። "ለኔ ስጠኝ፣ ወንድሜ። ዛሬውኑ እንጠጣዋለን።"

"አንተ የዚህ አገር ሰው ነህ?"

"አይደለሁም። ግን ጠምቶኛል።"

ኔታኒ አመስግኖ ተመለሰ።

ጎሚስታው ቤት አብሮት የሚሠራው ኢሊያሳ ይህን ሲሰማ ክሪኩን ትቶ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ሥር ይዘህ እንደ አዟሪ ልትዞር ነው? የሱቫ ባለአገሮች በእንግሊዝ ጊዜ ወደ ባሕረ ሰላጤው ማዶ ተዛውረዋል። እነሱ ቢያነሱልህስ? የምታድረው እዚህ፣ የታወቅከው እዚያ! ወቅጠህ ጠጣው፣ ይለቅልህ።"

"የራስን ሥር ራስ ማንሳት አለ እንዴ?"

"የራስን ጎማ ራስ መጠገን አለ፤ ይሄ ምን ይለያል?"

ኔታኒ ኢሊያሳ የተወውን ክሪክ አነሳ። "እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት" ይባላል። እሱ ወርቅም ሳይሆን ወደ ብረት እየሄደ ነበር።

ሱቫ ደግሞ ዝናቧን አትቆጥብም። ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ክፍሉ ያረጀ ጫማ ጫማ ይሸታል። ጋዜጣውን ሲፈታው የሥሮቹ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አየ። በሸሚዙ ጠረገው። አያቱ ሥሩን ከራሳቸው ማሳ ነቅለው፣ ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው ያደረቁት ነው። ኔታኒ ሥሩን ታቅፎ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። የሻገተ ሥር ለማንም አይቀርብም፤ ነገ ካልደረቀ ከነገ ወዲያ መርከብ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ኔታኒ እርጥቡን ጋዜጣ ጣለው፤ ሥሮቹን በሪባኑ መልሶ አስሮ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ ከወይዘሮ ቪድያ አንሶላዎች አጠገብ ሰቀላቸው። ሰማዩን አየ። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። አምኖት ሥራ ሄደ። የሱቫን ሰማይ የሚያምን እንግዳ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወረደ። ኔታኒ አንድ አውቶቡስ በክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማውን እየፈታ ነበር። መፍቻውን ጣለና ሮጠ። ኢሊያሳ ከኋላው በእሱም፣ በእናቱም፣ በደሴቱም ላይ የእርግማን መዓት አወረደ። ኔታኒ ዳገቱን ሲወጣ ዝናብም እንባም ፊቱ ላይ ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ አላወቀም።

ግቢው ሲደርስ አንሶላዎቹ ሽቦው ላይ አሉ፤ ውኃ ጠጥተው መሬት ሊነኩ ደርሰዋል። ሥሩ የለም። ቀዩ ሪባን ጭቃ ውስጥ ወድቋል።

"እዚህ ነኝ!" የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት መጣ።

ወይዘሮ ቪድያ ምድጃው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሥሮቹ ጭናቸው ላይ ናቸው። አንድ በአንድ በፎጣ እያደረቁ ከእሳቱ አጠገብ ይደረድሯቸዋል። ፀጉራቸው ውኃ ያንጠባጥባል።

ኔታኒ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። "አነሱት" አለ።

"ከዝናብ ነው ያነሳሁት።"

"አነሱት።"

"ይበስብስ ብዬ ልተወው ነበር እንዴ? እንዲህ ያለ ነገር አታምጣብኝ! አልተቀበልኩም፣ ከዝናብ ነው ያነሳሁት!"

ኔታኒ እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈርድ አንድ ሰው ብቻ ያውቃል። ስልኩን አወጣ፣ ውኃውን አራገፈለት፣ ደውሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወለሉ ላይ አኖረው። ለአያቱም የሆነውን ሁሉ ነገራቸው።

ሽማግሌው ኤሮኒ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ፣ "ሴትዮዋ አለች?" አሉ።

"አለሁ" አሉ ወይዘሮ ቪድያ፤ ሳያስቡት በፊጂኛ፣ ያውም በጥንቱ አነጋገር።

"በስንት እጅ ነው ያነሳሽው?"

"በሁለት። ከባድ ነበር፤ ምን ላድርግ?"

"ሲነሳ መሬት ነክቷል?"

"አልነካም። ሪባኑ ነው የወደቀው።"

"ያንቺ ልብስስ?"

ወይዘሮ ቪድያ በመስኮቱ አንሶላዎቻቸውን አዩ። "ውጭ ነው" አሉ። "እጄ አልበቃም።"

ከወዲያ በኩል ዶሮው ደግሞ ጮኸ። "በኛ ጊዜ ሴት አታነሳም ነበር" አሉ ሽማግሌው። "በኛ ጊዜ ግን ሰው ብቻውንም አይኖርም ነበር። የራሷን ትታ የልጁን አንስታለች። ተነሥቷል።"

"አባት፣ እኔ እኮ መጤ ነኝ!" አሉ ወይዘሮ ቪድያ። "ላምባሳ የሸንኮራ መሬታችን ሊዝ ሲያልቅ፣ ቤታችንን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነቅለን በጭነት መኪና ጭነን ነው የመጣን። ሱቫ ስንገባ መጣችሁ ያለን የለም። ባሌ 'እዚህ ማን ያውቀናል?' እንዳለ ሞተ። እኔ ማንን ልቀበል እችላለሁ?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" አሉ ሽማግሌው። "መጀመሪያ የልጁን ጨርሺ።"

ወይዘሮ ቪድያ ስልኩን ተቆጥተው አዩት። ከዚያ ሻርፓቸውን አስተካከሉ፤ ሥሮቹን በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉ። ቃሉን ያውቁታል። ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው ለላምባሳው ባለመሬት ሥር ይዘው ሲሄዱ፣ ከኋላቸው ተቀምጠው በየዓመቱ ሰምተውታል።

"ከካንዳቩ የመጣው ሥር ተነሥቷል" አሉ። "መጥተሃል። ይህ ቤት አውቆሃል። ብትታመም እሰማለሁ፤ ብትዘገይ በር አልዘጋም፤ ብትጠፋ እፈልግሃለሁ።"

ኔታኒ መዳፎቹን አጎድጉዶ አጨበጨበ። ከስልኩ ውስጥም ጭብጨባ መጣ፤ ሽማግሌው ብቻቸውን አልነበሩም፤ ግማሹ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ ኖሯል።

ወይዘሮ ቪድያ ምድጃውን ተደግፈው ተነሡ፣ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ከሱቅ የተገዛ፣ የተፈጨ ያንጎና በላስቲክ ይዘዋል፤ ባላቸው ሳይጨርሱት የሞቱት ነው። ጉልበታቸው እያመማቸው ከኔታኒ ፊት ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ላስቲኩን ፊቱ አኖሩት።

"አክስቴ፣ ምን ማለትዎ ነው? እኔ የካንዳቩ ልጅ ነኝ። የሱቫ ባለአገር አይደለሁም።"

"እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ማን ሰማኝ?"

"ልጁ ምን ይጠብቃል?" አለ ስልኩ።

ኔታኒ ዞር ዞር ብሎ ታላቅ ሰው ፈለገ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚያነሳ አባት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ክፍሉ ውስጥ ነበረ። አሁን ማንም የለም። እጆቹ የጎማ ጥላሸት ነበሩ፤ ሱሪው ላይ ጠረጋቸው። ላስቲኩን በሁለት እጁ አነሳ። ከአያቱ ሲሰማ ያደገው ረጅም ንግግር በሙሉ ከራሱ ጠፋ።

"መጥተዋል" አላቸው።

ወይዘሮ ቪድያ ሱቫ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ፣ "ጭብጨባው የታለ?" አሉ።

ዓርብ መርከቡ ሄደ። ያን ዕለት ጠዋት ኔታኒ ሻንጣውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሸሚዞቹን ሁሉ አውጥቶ አጠባቸው፤ ሽቦው ላይ ሰቅሏቸው ሥራ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ኢሊያሳ መፍቻውን ይዞ ሩጫውን ሲጠብቅ፣ ኔታኒ ሰማዩን አየት አደረገና ጎማውን መፍታቱን ቀጠለ።