ባንኮክ ላይ ያላነሳሁት ፎቶ

ጓደኛዬን ያወቅኳት ወሎ ሰፈር ባለው መሥሪያ ቤታችን ነው። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ማታ ለቡልቡላ ታክሲ አብረን እንሰለፋለን። አንድ ጥምቀት አንድ ፈረንጅ ተንበርክከው የሚጸልዩ እናት ፊት ላይ ካሜራውን ሲደቅን አይታ፣ መሀል ገብታ ከለከለችው። «አገርህ ቢሆን እንዲህ ታደርጋለህ?» አለችው በእንግሊዝኛ። ያን ቀን ኮራሁባት።

ስለዚህ ባንኮክ እንሂድ ስትለኝ አላመነታሁም። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እዚያ ግን ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ቁርስ ላይ ሳህኗ ላይ ምግብ ከምራ ሳትነካው ትነሳለች፤ አስተናጋጆቹን እያጨበጨበች ትጠራለች። ነውር ነው ስላት «እዚህ ማን ያውቀናል?» ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ቤተ መቅደስ ለማየት ሄድን። ፎቶ ክልክል መሆኑን የሚያሳይ ሥዕል በሩ ላይ ተለጥፏል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። አንዲት አሮጊት ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፍተው ይጸልያሉ። ጓደኛዬ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስልኳን አወጣች።

«ተይ፣ እየጸለዩ እኮ ነው» አልኳት።

«አንድ ብቻ» አለችና አነሳች።

አሮጊቷ ቀና ሲሉ ስልኩን አዩና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አንዲት ጠባቂ ከወዲያ እየተቆጣች መጣች። ጓደኛዬ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሷ ናት አንሺልኝ ያለችኝ። እኔ ነውር ነው ብያት ነበር» አለች በእንግሊዝኛ፣ እኔ እንግሊዝኛ የማልሰማ ይመስል።

ጠባቂዋ በሩን አሳየችኝ። ለአሮጊቷ እጅ ነስቼ ወጣሁ፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ጓደኛዬ እዚያው ቀርታ ጉብኝቷን ጨረሰች። ፀሐይ ላይ ቆሜ ስጠብቃት፣ ስትወጣ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ራበኝ» አለች።

ከተመለስን በኋላ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር አትላስ አካባቢ ምሳ በላን። ስለ ጉዞው ሲጠይቁን ቀድማኝ «ከእሷ ጋር እንዳትሄዱ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ አዋርዳኛለች» አለችና ታሪኩን ገልብጣ አወራችው። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ትናገራለች ብዬ ትንሽ ጠበቅኳት።

«ፎቶው ያለው ማን ስልክ ላይ ነው?» አልኳት።

ሳቁ ቆመ። «ቀልድ እኮ ነው፤ አታካብጂ» አለችኝ። አሳዪን ያላት የለም፤ ሁሉም ወደየሳህኑ አቀረቀረ።

ዛሬም ጎን ለጎን ነው የምንሠራው። እንደምን አደርሽ እንባባላለን፤ ታክሲውን ግን ለየብቻ እንሰለፋለን። በቅርቡ ምንም እንዳልተፈጠረ «ለፋሲካ ዛንዚባር እንሂድ» አለችኝ።

«ከአንቺ ጋር አልሄድም» አልኳት።

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ከሁሉ የከፋኝ እሱ ነው።