ማይኩን የዘጋችው ተማሪ

ለምግብ ቤት ሠራተኞች የደንበኛ አያያዝን በኢንተርኔት አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ መሳተፍ ነጥብ አለው። ዘሃራ የምትባለው ተማሪ ግን ከክፍል ቀርታ ባታውቅም ስጠራት ሁልጊዜ ዝም ነው። ዛሬም ዝም ካለች ምስክር ወረቀቱን ላታገኝ ነው።

ወደ ደሴ ስጓዝ የትምህርቱ ሰዓት ጀውሃ ላይ ደረሰብኝ። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ጥግ ያዝኩና ማዳመጫዬን ሰክቼ በዝግታ ማስተማር ጀመርኩ። የገዛ ድምፄ ትንሽ እየዘገየ ከማድ ቤት ይሰማኛል።

«ዘሃራ፣ የተቆጣ ደንበኛ ሲገጥምሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

በማዳመጫዬ ዝምታ ነው። ከማድ ቤት ግን አንዲት ሴት፣ «ተናግሮ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ፣ መምህር» ስትል ሰማሁ።

አጠገቤ ሽሮ የሚበላው ሾፌር ለጓደኛው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ትመልስለታለች» አለው።

«ሰውየው ይሰማታል?»

«የት ይሰማታል፤ የእኛ ጫጫታ ክፍሉን እንዳይረብሽ ማይኩን ትዘጋዋለች። ግን ሰው በስም ሲጠራን ዝም ማለት ነውር ነው ትላለች።»

ስልኬን ይዤ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። «ዘሃራ፣ መልስሽ ልክ ነው» አልኳት።

እጇ ሊጥ እንደነካው ቀና አለች። እንዴት መጡ እንኳ አላለችኝም።

«ያለፈው ሳምንት መልሴስ?»